አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ አሮጌ ትራክተር ባትሪ የሚጨርሰው ለምንድን ነው?

በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር፣ ሲመሽ ትራክተሮች የት እንደሚቆሙ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ብዙ አሮጌ ትራክተሮች የሚያድሩት ተዳፋት ተፈልጎላቸው፣ አፍንጫቸው ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ ነው። ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እምቢ ካለ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ቁልቁል ለቀቅ ማድረግ ነው፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ቀኑን ሙሉም ያርሳል። ባለቤቱ ችግሩን ከነመላው ለምዶታል። ሲመረው ደግሞ ከተማ ወርዶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። አዲሱም ጥቂት ወራት ያገለግልና እንደ ቀዳሚው ይሞታል።

ባለፈው ሐምሌ አንድ አዛውንት ገበሬ ይህንኑ ታሪክ ይዘው መጡ። ትራክተራቸው ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። «ልጄ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ባትሪዬ ነው። የዛሬ ባትሪ ሁሉ ውሃ ሆኗል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዲናሞው ተለክቶ ያውቃል?»

«ለምን ይለካል? ሞተሩ ሲነሳ ቀዩ መብራት ይጠፋል። መብራቱ ከጠፋ ቻርጅ እያደረገ ነው ማለት አይደለም እንዴ?»

ጥያቄያቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙ ገንዘብ ያድናል። ባትሪ ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም፤ የሚያመነጨው በሞተሩ የሚዞረው ዲናሞ ነው። ያልገባለትን ኤሌክትሪክ ከየትም አምጥቶ ሊሰጥ አይችልም። ነገር ግን ዓይን ላይ ያለው፣ በሁለት ብሎን ተፈትቶ የሚቀየረው እሱ ስለሆነ ዱላው ሁልጊዜ በእሱ ላይ ያርፋል።

በአሮጌ የናፍጣ ትራክተር ላይ ይህ ሕመም ተደብቆ የሚቆይበት የራሱ ምክንያት አለ። የቤንዚን ሞተር ካንዴላዎቹ እሳት የሚያገኙት ከኤሌክትሪክ ስለሆነ ቻርጅ የተቋረጠበት መኪና ብዙ ሳይሄድ መንገድ ላይ ይቆማል። የናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን የሚያቃጥለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። የ135ቱ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር የነዳጅ ፓምፑ በሜካኒካል መንገድ ይሠራል፤ የሚጠፋውም መሳቢያውን ስበው ነዳጁን ሲዘጉበት ነው። አንዴ ከተነሳ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። ስለዚህ ቻርጅ የማያደርግ ትራክተር ቀኑን ሙሉ ጤነኛ መስሎ ይውላል፤ ጉዱ የሚወጣው በማግስቱ በብርዱ ጠዋት ነው።

ከዚህ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል ሙከራ በየቦታው ይደረጋል። በናፍጣ ትራክተር ላይ ይህ ምንም አያረጋግጥም፤ ሞተሩ ዲናሞ ኖረው አልኖረው አይጠፋም። ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። ባትሪው በድንገት ሲነሳ ቮልቱ ወደ ላይ ይዘላል፣ በአዲሶቹ ዲናሞዎች ውስጥ ያሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) እና ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚገታው) ይቃጠላሉ። ጤነኛ ዲናሞ በዚህ «ምርመራ» ሲሞት አይቻለሁና፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ካዩ እባክዎ እጁን ይያዙት።

ሌላም የተሳሳተ እምነት አለ፤ «ሞተሪኖው ብዙ ስለሚበላ ነው ባትሪው የሚያልቀው» የሚል። እስቲ እናስላው። ሞተሪኖው 300 አምፔር ለ5 ሰከንድ ቢስብ፣ ያ በጠቅላላው ከግማሽ አምፔር ሰዓት ያነሰ ነው። 11 አምፔር የምትሰጥ ደካማ ዲናሞ እንኳ ያንን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ትመልሰዋለች። ግማሽ ቀን ያረሰ ትራክተር ማታ ባትሪው ሞልቶ መግባት አለበት። በየጠዋቱ የሚደክም ከሆነ ወይ የሚገባው አይገባም፣ ወይ የገባው ሌሊት ይፈስሳል፣ ወይ መያዣው ራሱ አርጅቷል። ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም።

ሁለት ዓይነት «ዲናሞ»

ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ነገር ዲናሞ ይባላል፤ ሲመረመሩ ግን ሁለቱ ዓይነቶች ይለያያሉ። ማሲ ፈርጉሰን 135 መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ቀደም ያሉት የመጡት በጥንታዊው ዲናሞ ነው፤ ረዘም ያለ፣ ወፍራም የቆርቆሮ ጣሳ የመሰለ፣ ሁለት የሽቦ መውጫ ያለው። ሬጉሌተሩ ከእሱ ተለይቶ በሌላ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የሉካስ ሲ40 የሚባለው ቤተሰብ እንደ ዓይነቱ ከ11 አምፔር ጀምሮ ከ20 በላይ ይሰጣል። ኋላ የመጡት አልተርኔተር አላቸው፤ አጠር፣ ወፈር ያለ፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው፣ ሬጉሌተሩንና ዳዮዶቹን በሆዱ የያዘ። ሉካስ 17 ኤሲአር ለምሳሌ እስከ 36 አምፔር ይሰጣል። ከዚህ በታች የመጀመሪያውን ዲናሞ፣ ሁለተኛውን አልተርኔተር እላለሁ።

ልዩነቱ መስክ ላይ ይታያል። ዲናሞ በዝግታ ሲዞር ቻርጅ አያደርግም፤ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ ሲሠራ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ቢል ብዙም አያስደነግጥም፣ ነዳጅ ሲሰጡት ከጠፋ ደህና ነው። አልተርኔተር ግን በሚኒሞም መሥራት ስላለበት መብራቱ እንዲህ ካደረገ ምልክት ነው።

ቴስተር ይዞ መጀመር

የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ተራ ዲጂታል ቴስተር ነው። ዋጋው ከባትሪ ጋር አይወዳደርም፣ የትራክተር ባለቤት ሁሉ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ማለዳ፣ ቁልፉ ሳይነካ፣ ባትሪው ላይ ይለኩ። የሞላ ባትሪ ከ12.6 ቮልት ያላነሰ ያሳያል። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ሊባል ይችላል። ባዶ ከሆነ በውጭ ቻርጀር ሙሉ በሙሉ ሞልቶ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። ከማንም ጋር ሳይያያዝ አድሮ 12.6 ላይ ከተገኘ ይዟል፤ ወርዶ ከተገኘ ባትሪው ራሱ ሞቷል፣ ያኔ ብቻ መግዛት ተገቢ ነው። ውሃው ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም። የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል፤ በላዩ አሲድ መጨመር ብረቶቹን ያስበላል።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተው፣ መካከለኛ ነዳጅ ሰጥተው፣ እዚያው ባትሪው ላይ እንደገና ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካገኙ ቻርጁ እየደረሰ ነው። ቴስተሩ 12.4 ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ከወረደ ምንም እየገባ አይደለም። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ነው፤ ሬጉሌተሩ መግታት አቅቶታል፣ ባትሪው ይፈላል፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ አምፖሎች ይቃጠላሉ። ብዙ ሰው ያልሞላ ባትሪን እንጂ ከልክ በላይ የተሞላን አይጠረጥርም፤ ሁለቱም ግን ባትሪ ይገድላሉ።

ወደ ዲናሞው ከመሄድ በፊት እሱን የሚያዞረውን ቺንጋ ይዩ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ባለው ረጅሙ ክፍል ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢገባ በቂ ነው። ከዚያ ከላላ ይንሸራተታል። ጎኖቹ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ከሆነ አርጅቷል፤ መወጠር አያድነውም። ይኸው ቺንጋ የራዲያተሩን ማራገቢያና የውሃውን ፓምፕ ስለሚያዞር ብዙ ሰው «ሞተሩ ካልሞቀ ቺንጋው ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ማራገቢያ ለማዞር የሚበቃ ቺንጋ ቻርጅ የሚያደርግ ዲናሞ ሲከብደው ሊንሸራተት ይችላል።

ቀዩ መብራት ምን ይናገራል?

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። ያ ትንሽ መብራት በባትሪውና በዲናሞው መካከል የታሰረ አምፖል ነው። አንደኛው ጫፉ ከባትሪው ወገን፣ ሌላኛው ከዲናሞው ወገን ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪው 12 ቮልት፣ ዲናሞው ምንም ስለሌለው ኃይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፣ አምፖሉም ይበራል። ዲናሞው ሲያመነጭ ሁለቱ ወገኖች ይተካከላሉ፤ በተተካከሉ ነገሮች መካከል የሚፈስስ ስለሌለ ይጠፋል። መብራቱ ሚዛን ነው ማለት ይቻላል። ዲናሞው ማመንጨቱን ይናገራል፤ የመነጨው ባትሪው ዘንድ መድረሱን ግን አይናገርም። በመንገድ ላይ ሽቦ ቢበጠስ ወይም ዝገት ቢዘጋው መብራቱ ጠፍቶ ባትሪው ሊራብ ይችላል።

ቁልፉ ሲከፈት ጨርሶ ካልበራስ? ይህ በአልተርኔተር ላይ ከባድ ነገር ነው። አልተርኔተር ሥራ ለመጀመር መግነጢስ ያስፈልገዋል፤ ያን የመጀመሪያ ኃይል የሚያገኘው በዚሁ አምፖል በኩል በሚመጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሉ ከተቃጠለ አልተርኔተሩ ጤነኛ ሆኖ እያለ ሳይነቃ ይቀራል፣ ወይም ሞተሩ በጣም ሲጮህ ብቻ ይነቃል። ብዙ ሰው አልተርኔተር ያወርዳል፣ ያስጠቀልላል፣ ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያለ የ2.2 ዋት አምፖል ሆኖ ይገኛል። አምፖሉ ደህና ሆኖ ካልበራ ሽቦው ተበጥሷል ወይም በአልተርኔተሩ ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ካርቦኖች አልቀዋል። ካርቦን ርካሽ ነው፤ ሌላ ነገር ከመቀየር በፊት እሱን ማየት ይገባል።

ጥንታዊው ዲናሞ ሲጠረጠር

የዲናሞ ምርመራ ሳይፈታ፣ ባለበት ይደረጋል። ጀርባው ላይ ሁለት መውጫዎች አሉ፤ ትልቁ ኃይሉ የሚወጣበት፣ ትንሹ መግነጢሱን የሚመግበው። ሞተሩን ያጥፉና ሁለቱንም ሽቦዎች ይንቀሉ፤ ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ከዚያ ሁለቱን መውጫዎች በአጭር ሽቦ እርስ በርስ ያገናኙ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ እዚያ ላይ፣ ሌላውን በዲናሞው ገላ ላይ ያድርጉና ሞተሩን በሚኒሞ ያስነሱ። ነዳጁን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ይጨምሩ። ሬጉሌተሩ ስለተነሳ የሚገታው የለም፤ ከ20 ቮልት አያሳልፉት፣ ሙከራውንም አያስረዝሙት።

ቮልቱ ሳይንቀጠቀጥ ከፍ ከፍ ካለ ዲናሞው ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ ሬጉሌተሩ ወይም ሽቦው ጋር ነው። ምንም ካላሳየ ካርቦኖቹን ይፈትሹ፤ ያለቁ፣ የተጣበቁ ወይም ዘይት የነካቸው ይሆናሉ። አንድ ቮልት አካባቢ ላይ ከቀረ የመግነጢሱ ጥቅል ይጠረጠራል። አራት አምስት ቮልት ላይ ከቆመ የሚዞረው ክፍል፣ ማለትም አርማቹሩ ተበላሽቷል። እንዲህ በአንድ ሽቦና በአንድ ቴስተር ሦስት የተለያዩ ሕመሞችን የሚለይ ሙከራ ሌላ ቦታ አላውቅም። ካርቦኖቹ የሚያርፉበትን የመዳብ ቀለበት ሲያጸዱ ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ይጠቀሙ፤ ለብረት የሚሆነው ጥቁሩ ሸራ ብናኙ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በመዳቦቹ መካከል ገብቶ ያጣብቃል።

አንድ ነገር ይቀራል። ዲናሞ ሥራ የሚጀምረው በብረቱ ውስጥ በቀረ ጥቂት መግነጢስ ነው። ለረጅም ጊዜ ከቆመ ወይም ከተፈታ ይህ ሊጠፋ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የትንሹን መውጫ ሽቦ ነቅለው፣ ከሻንሲው ጋር ካልታሰረው የባትሪ ራስ በሚመጣ ሽቦ መውጫውን ለአንድ ሰከንድ ነካ ነካ ያድርጉት። ትንሽ ብልጭታ ይታያል፣ ዲናሞውም አቅጣጫውን ያስታውሳል። «ከሻንሲው ጋር ያልታሰረው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ብዙ ጥንታዊ የእንግሊዝ ትራክተሮች ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ኔጋቲቩን ሳይሆን ፖዘቲቩን ነበር። ባትሪ ከማሰር በፊት የራስዎ ትራክተር የትኛው እንደሆነ ማየት ግድ ነው፤ አልተርኔተር ያለው ከሆነ ደግሞ በግልባጭ ማሰር ዳዮዶቹን በቅጽበት ይጨርሳል።

ዲናሞው ጤነኛ፣ ባትሪው የራበው

ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚመለስ ነገር ነው። ከዲናሞው በወፍራሙ ሽቦ ወደ ባትሪው ይሄዳል፣ በትራክተሩ ብረት በኩል ተመልሶ ወደ ዲናሞው ይመጣል። የመስኖ ቦይ አንድ ቦታ ደለል ከያዘው ውሃው ከምንጩ ቢበዛም ማሳው እንደሚደርቅ ሁሉ፣ በዚህ ዙሪያ አንድ የዛገ መጋጠሚያ ይበቃል። ደለሉን ፈልጎ ለማግኘት ሞተሩን አስነስተው መብራቶቹን ያብሩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በአልተርኔተሩ መውጫ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ ያድርጉ። ሁለቱ አንድ መስመር ስለሆኑ ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ከ0.3 ቮልት ካለፈ በመካከል የሚበላ ነገር አለ። ከዚያ አንዱን ጫፍ በአልተርኔተሩ ገላ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ያድርጉ፤ እዚህ ከ0.2 መብለጥ የለበትም። ይህን ሁለተኛውን ልኬት የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም የሚሄደውን መስመር ይፈትሻል፣ የሚመለሰውን ይረሳል።

የአዛውንቱ ትራክተር ጉዳይ የተገኘው እዚህ ነው። አልተርኔተሩ ላይ ሲለካ 14.2 ቮልት ነበር። ባትሪው ላይ ሲለካ 12.6። በሄደው መስመር 0.2 ጠፍቷል፤ በተመለሰው ደግሞ 1.4 ቮልት። ትራክተሩ ከሁለት ዓመት በፊት ታድሶ፣ ተፍቆ፣ ደማቅ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ያኔ አልተርኔተሩን የሚይዘው ብረትም ተፈትቶ፣ በሁለቱም ገጹ ተቀብቶ ተመልሶ ታስሯል። ያን ብረት በጣቴ ስነካው ብሎኑ ዙሪያ ከሌላው ብረት ይልቅ የሞቀ ነበር። ባትሪው ያጣው ኃይል እዚያ በቀለም ላይ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ነበር ማለት ነው። አዲስ ባትሪ ሲገዙ ሞተሪኖው በርትቶ የሚያዞረው ሞተሪኖው የሚመለስበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ነው። ለዚህም ነው ማንም ሽቦ ያልጠረጠረው።

ሌሊት የሚፈስሰው

ቻርጁ ደህና ሆኖ ባትሪው ጠዋት ከደከመ ሌሊት የሚስብ ነገር አለ። በአሮጌ ትራክተር ላይ ሰዓትም ሬዲዮም ስለሌለ፣ ሁሉም ጠፍቶ የሚስበው ዜሮ መሆን አለበት። ቀላል ምርመራ ልንገርዎ፤ ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ምንም ሳይነኩ፣ መዳፍዎን አልተርኔተሩ ላይ ያሳርፉ። ትራክተሩ በሙሉ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ እሱ ብቻ ለብ ካለ ዳዮዱ አፍስሷል፤ ባትሪው ሌሊቱን ሲያሞቀው አድሯል። በዲናሞ ላይም ይህ ይከሰታል፤ በሬጉሌተሩ ሳጥን ውስጥ ያለው፣ ዲናሞው ሳያመነጭ ከባትሪው የሚለየው ቆራጭ ነጥቦቹ ተጣብቀው ሲቀሩ ባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈስሳል። ይህኛው ለብ ብሎ አያቆምም፣ ሊያቃጥለው ይችላል፤ ወዲያውኑ የባትሪውን ማሰሪያ መንቀል ይገባል።

ሌሊት የሚያርሱ ሰዎች ሌላ ስሌት አላቸው። አራት ባለ 55 ዋት የሥራ መብራት ተጨምሮ ከሆነ ብቻቸውን ወደ 18 አምፔር ይበላሉ። ባለ 11 አምፔር ዲናሞ ይህን አይችልም፤ ቀሪውን ከባትሪው እያወጣ ያድራል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ዲናሞውን ማንም ሊወቅሰው አይገባም። መብራት መቀነስ ወይም አልተርኔተር ማስገባት ነው። በትራክተሩ ላይ ብየዳ ሲደረግም አስቀድሞ የባትሪውንና የአልተርኔተሩን ሽቦ መንቀል ዳዮዱን ያድናል።

የአዛውንቱን አልተርኔተር የያዘውን ብረት ፈታነው፣ ብሎን የሚያርፍበትን ቦታ ነጭ ብረት እስኪታይ ድረስ ፋቅነው፣ ለማረጋገጫ ከአልተርኔተሩ ገላ ወደ ሻንሲው አንድ ተጨማሪ ወፍራም ሽቦ አሰርን። ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት ሆነ። ቴስተሩን ሰጥቻቸው ራሳቸው ሁለት ጊዜ ለኩት፣ አንዴ መብራቱን አጥፍተው፣ አንዴ አብርተው። ከሳምንት በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ ትራክተሩ የቆመው ከዚያ ከለመደው ቁልቁለት ላይ ሳይሆን ከቤቱ ደጃፍ፣ ደልዳላው ሜዳ ላይ ነበር።